ያለፈው እረኛ ለምን ሄደ?

ልጄ ሐኪም ሆኖ ወረታ የገባ ለት ከአውቶቡስ ሲወርድ አላወቅሁትም ነበር። መነጽር አድርጓል፤ ከስቷል፤ በብብቱ የቆዳ ቦርሳ ወሽቋል። አባቱ ግን ገና ከሩቁ ለየው። «የእኛው ነው። በደረቅ መሬት ላይ ጭቃ እንደሚረግጥ እግሩን የሚያነሳ ሌላ ማን አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ፎገራ ላይ ክረምቱን በውሃ ውስጥ እየተራመደ ያደገ ሰው አዲስ አበባ የፈለገውን ያህል ቢቀመጥ አረማመዱ አይለቀውም።

ሦስት ቀን ደስታ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ምላሱን እያወጣ መጣ፤ ልጄም የሁሉንም ምላስ አየ። በአራተኛው ቀን ከዚያ ቦርሳ ውስጥ ወረቀት አወጣ።

«እምዬ፣ ይኸ የሥራ ውሌ ነው፤ የመጀመሪያዬ» አለኝ።

አራት ገጽ ነው፤ በጽሕፈት መኪና የተመታ። ከግርጌው ማኅተም አለበት፤ ከማኅተሙ ጎን አንዲት ባዶ መስመር አለች። ያች ባዶ መስመር ገና ሳያት አስፈራችኝ። አፏን ከፍታ የልጄን ስም የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

«ሥራው የት ነው?» አልሁት።

«ከጎንደር ወዲያ፣ ቆላ። ትልቅ የጥጥ እርሻ አለ። ለሠራተኞቹ ሐኪም ቤት ሠርተዋል። የሐኪም ቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለአምስት ዓመት።»

ተነስቼ ወደ ጓሮ ሄድሁ፤ ጥጃዋን የማይ መሰልሁ። ጥጃዋ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን አንድ ወንድም ነበረኝ፤ ለጥጥ ለቀማ ቆላ ወርዶ የወባ ንዳድ ጥሎት በቃሬዛ ነው የተመለሰ። ባለቤቴ ይኸን ያውቃል። ተከትሎኝ መጣና ከበስተኋላዬ ቆመ።

«አንቺ፣ እዚህስ ንዳዱ ጎረቤታችን አይደለም እንዴ?» አለኝ። «በየጥቅምቱ እየመጣ ይጠይቀን የለ?»

«የጎረቤት ንዳድ ይሻላል፤ አመሉን እናውቀዋለን» አልሁት።

የእርሻው ሰው ከዚያ ለት በአሥረኛው ቀን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲያልፍ የተፈረመውን ወረቀት ሊወስድ ቀጠሮ ነበረው። ስለዚህ አሥር ቀን አለኝ ማለት ነው። አልቅሼ ላስቀረው አልፈለግሁም፤ የምታለቅስ እናት ልጅ ሁሉ እንደሚሄድ አይቻለሁ። ውሉን ከውስጡ ገብቼ አፈርሰዋለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

ለማፍረስ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ልጄን አንብብልኝ አልሁት። ተቀምጦ አነበበልኝ፤ ሲያነብ በቅሎ የሚጋልብ ይመስላል።

«እየዘለልህ ነው» አልሁት።

«ኧረ አንዲትም አልዘለልሁ፣ እምዬ።»

«አራት ገጹን ምራቅህን ሳትውጥ ጨረስኸው። እንግዲህ መድኃኒትም እንዲህ ነው የምትሰጥ?»

ሳቀ። እኔ ግን አላመንሁትም። ሐሙሲት ያለች አክስቱን ሊጠይቅ የሄደ ለት ወረቀቱን ከቦርሳው አወጣሁና ከሾላው ጥላ ስር ተቀመጥሁ።

ማንበብ እችላለሁ፤ በእኔ ልክ። ልጅ ሳለሁ ወንድሜ ከየኔታ ዘንድ ሲማር ከአጥሩ ወዲህ ሽምብራ እየለቀምሁ እሰማ ነበር። ፊደሉን ቆጥሬ፣ ንባቡን አንድ በአንድ እየጠራሁ ማዜም ስጀምር እናቴ «ደግሞ ድቁና ልትቀበይ ነው?» ብላ አስነሳችኝ። እዚያው ላይ ቀረሁ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ማንበብ አይሆንልኝም። እያንዳንዷን ፊደል ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ፣ በዜማ ካልጠራኋት አትገባኝም።

እንዲህ እያዜምሁ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የንስሐ አባታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአጥሩ በኩል አለፉ። ድምፄን ሰሙና ቆሙ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አማተቡ።

«ይበል ልጄ፤ እግዚአብሔር ያስፈጽምሽ» አሉኝ ሳርፍ። «የትኛው መዝሙር ነው?»

«አንቀጽ ሰባት ነው አባ።»

«የማን?»

«የጥጥ እርሻው።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዘነበሉት። «እስኪ ላንብብልሽ፤ አንቺ እስክትጨርሺው አምስቱ ዓመት ያልቃል» አሉ። ከዚያ ቀጥ አድርገው አነበቡት፤ «ሐኪሙ በእጁ ለተሰጡት ሁሉ ኃላፊና ተጠያቂ ይሆናል።»

«ይድገሙልኝ አባ።»

ደገሙልኝ።

እኔ በዕድሜዬ የማውቀው ውል አንድ ነው፤ የእረኛ ውል። እኛ አገር ከብት ያለው ሰው በየዓመቱ፣ ውሃው ሜዳውን ለቅቆ ወደ ሐይቁ ሲሸሽ፣ እረኛውን በሽማግሌ ፊት ይዋዋላል። ከብቱ አንድ በአንድ በመልኩና በአመሉ እየተጠራ ይቆጠራል። ቦቃዋ ትራገጣለች፣ ዳልቻው ይዋጋል፣ ቀይዋ የሰው እህል ትወዳለች ይባላል። አመሉ ተደብቆ የተሰጠ ከብት ላደረሰው ጥፋት እረኛው አይጠየቅም። ከብት ቢሞትበት ቆዳውን ያመጣል፤ ጎርፍ ቢወስድበት ያየ ሰው ያመጣል። ያን ጊዜ ባለከብቱ «እግዜር ይተካ» ይላል። ይቺ ቃል ከተባለች እረኛው ነጻ ነው፤ ነገሩ ሁለተኛ አይነሳም። ቆዳም ምስክርም ያላመጣ ግን ያን ከብት ወይ ሸጦታል ወይ በልቶታል።

እንግዲህ ልጄ በእጁ ለተሰጡት ሁሉ ተጠያቂ ነው። የሚሰጡት ደግሞ በሽተኞች ናቸው። በሽተኛ ይሞታል። ሲሞት ልጄ ምን ቆዳ ያመጣል?

«አባ፣ ይኸን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለብን» አልሁ።

«ዳኛ?»

«እረኛችንን።»

እረኛችን ጎልማሳ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። ልጄን በሕፃንነቱ በጫንቃው አድርጎ ስንት ጎርፍ አሻግሮታል። ከእኛ ዘንድ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቢሆንም በየዓመቱ ውሉ ሲታደስ አይቶን የማያውቅ ሰው ሆኖ ይቀርባል። ከባለቤቴ ጋር ከጠዋት እስከ ቀትር ይከራከራሉ፤ ከዚያ አብረው ይበላሉ። በውል ጉዳይ ከእርሱ የሚበልጥ ሰው በአገሩ አላውቅም።

ልጄ ከሐሙሲት ሲመለስ ሦስታችንን ከሾላው ስር አገኘን፤ አባ ወረቀቱን ይዘው፣ እረኛችን ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ እኔ ደግሞ ጥፋተኛ መስዬ። ባለቤቴም የሚሆነውን ሊያይ መጣ።

«የእኔ ወረቀት እኮ ነው!» አለ ልጄ።

«ቁጭ በል» አለው እረኛችን። «ሊያስርህ ነው ወይስ ሊያበላህ ነው፣ እናያለን። ለመሆኑ ስንት ራስ ነው?»

«ምኑ?»

«የምትጠብቀው።»

ልጄ መነጽሩን አወለቀና ሳቀ። «በሽተኛ እኮ አይቆጠርም፣ ጋሼ።»

«ያልተቆጠረ መንጋ የሚረከብ እብድ ነው። አባ፣ ቁጥር አለ?»

አባ አራቱንም ገጽ ገለጡ። «የለም።»

«አንዱ። ስትታመምስ ማን ይጠብቃል?»

«እኔ አልታመምም።»

«እኔም አልታመምም ብዬ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ንዳድ ሲጥለኝ ማን ጠበቀ? አባትህ ጠበቀ። ቀይዋም ዳልቻውም የሰው ሽምብራ ውስጥ ገብተው ዋሉ።»

«ያን ነገር ተወው» አለ ባለቤቴ።

«አልተውም፤ ለውል ጥሩ ምሳሌ ነው። አባ፣ ምትክ አለ?»

«የለም።»

«ሁለት። ውሉን ያፈረሰስ?»

አባ እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ፈለጉ። ሐኪሙ ቀኑ ሳይደርስ ቢሄድ መቀጫ እንዳለበት ተጽፏል፤ እርሻው ሐኪሙን ሲያባርር ግን የአንድ ወር ማስታወቂያ ብቻ ይበቃዋል።

እረኛችን የሚያኝከውን ሣር ተፋ። «ይኸን የጻፈው ባለከብቱ ብቻውን ነው» አለ። «ሦስት። ቢሞትብህ ምን ታሳያለህ?»

«ሰው ነው እኮ!» አለ ልጄ። «ቆዳውን ላሳይ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ተምረህ የመጣኸው አንተ ነህ።»

እረኛችን ተነስቶ ዱላውን በትከሻው አደረገ። ጥያቄው ያለቀ መሰለን። ሁለት እርምጃ ሄዶ ግን ዞረ።

«የመጨረሻዋን ረሳኋት። ያለፈው እረኛ ለምን ሄደ?»

«ማን?»

«ከአንተ በፊት የነበረው። ሐኪም ቤቱ የተሠራው ትናንት ነው?»

«ሁለት ዓመት ሆኖታል መሰለኝ … ከእኔ በፊት ሰው ይኑር አይኑር አልጠየቅሁም።»

«ሳትጠይቅ ልትፈርም?» አለ እረኛችን፤ በእውነት አዘነለት። «እኔን እኮ ይኸን ሁሉ ያስተማረኝ ሰው የለም።»

ልጄ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣና የመድኃኒት ማዘዣ ከሚጽፍባት ብጣሽ ላይ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጻፋቸው። ደስ አለኝ። ውሉ አለቀለት ብዬ ለእረኛችን የዚያን ለት ሁለት ጊዜ እርጎ ሰጠሁት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርሁትም።

በአሥረኛው ቀን የእርሻው ላንድሮቨር መጣች። ሰውየው ባርኔጣ ያደረገ፣ ከረባት ያሰረ፣ ጨዋ ሰው ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ወዲያው ሊሄድ አስቦ ሹፌሩን ሞተሩን አታጥፋ ብሎት ወረደ። ከሾላው ስር ግን ባለቤቴ፣ አባ፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ልጄና እረኛችን ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ነው ያረፈው?»

«ማንም አላረፈ ጌታው፤ ውል ነው» አለው ባለቤቴ።

«ውሉ እኮ ተጽፏል።»

«የተጻፈውን አይተነዋል። ያልተጻፈውን ልንሰማ ነው። ይቀመጡ።»

በርጩማ ተሰጠው። እኔ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዤ ዝም ብዬ እንድቀዳ ነበር የተነገረኝ። አንድ ጊዜ ቀዳሁ። ሁለተኛውን ልቀዳ ስል ምላሴ አመለጠኝ።

«ጌታው፣ በሽተኞቹን ቆጥራችሁ አስረክቡት» አልሁት።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«እዚህ ድረስ አምጡልን አልልም፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ግን ልጄ ሲረከባቸው የትኛው ምን እንደሚያመው፣ የትኛውስ ለመሞት እንደቀረበ በሰው ፊት እየተጠራ ይነገረው። ያለዚያ ነገ የሚሞተው ሁሉ በእርሱ ይቆጠራል። አንቀጽ ሰባት እንደዚያ ይላል።»

ጠላው ትን አለው። ልጄ መነጽሩን በመዳፉ ሸፈነ። ዛሬ አንቀጽ ሰባት የሚለው ስለ መድኃኒቱና ስለ ዕቃው እንደነበር አውቃለሁ፤ ልጄ በኋላ ነግሮኛል። ያኔ ግን እንዴት ብዬ ልወቅ? ለሐኪም ከበሽተኛ በቀር ምን ይሰጠዋል?

ሰውየው ሳሉ ሲለቀው ሳቁ መጣበት። ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። «እማማ፣ ሐኪም እኮ እረኛ አይደለም!»

«ልክ ነው» አለ እረኛችን ከዳር። «እረኛ ሳይጠይቅ አይቀጠርም።»

ሁሉም ሳቀ፤ ሰውየው ብቻ አቆመ።

ልጄ ያን ጊዜ መዳፉን ከፊቱ አነሳ። ያችን ብጣሽ ወረቀት አወጣና በራሱ ድምፅ፣ አንድ በአንድ ጠየቀ። ስንት ሰው ነው የማክመው? በትክክል አይታወቅም፤ ሠራተኛው አለ፣ ቤተሰቡ አለ፣ በዙሪያውም ያለው ሁሉ ይመጣል። ሌላ ሐኪም አለ? ለጊዜው የለም። መርፌ የሚያውቅ የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰርስ? እየተፈለገ ነው። ሰውየው በየመልሱ በርጩማው ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር።

«ከእኔ በፊት የነበረው ሐኪም ለምን ሄደ?»

ሰውየው ባርኔጣውን አገላብጦ ውስጡን አየ፤ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል። «… ታሞ።»

«በምን?»

«በንዳድ።»

«ታዲያ እርሱን ማን አከመው?» አለ ባለቤቴ።

ይኸን ጥያቄ ከእኛ መካከል ማንም አላሰናዳውም ነበር። ሰውየው ወደ ላንድሮቨሯ አየ። ሞተሯ ብቻዋን ትንተከተካለች።

«ጎንደር እስኪደርስ ድረስ … ማንም።»

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥሁት። «ዳነ?» አልሁት።

«ድኗል እማማ። ደኅና ነው። አልመለስም ብሎ ነው እንጂ።»

ከዚህ በኋላ ማን ይፈርማል? በሆዴ እልል አልሁ። ልጄ ግን እንደ መነሳት ውሉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በብዕሩ ይሰርዝና ይጽፍ ጀመር። አምስት የሚለውን ሰርዞ ሁለት አለ። ድሬሰር አስቀድሞ ይቀጠር፤ እኔ ብታመም የሚያደርገውን አስተምረዋለሁ አለ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወንፊት ይበጅለት፤ አጎበር ይሰጠኝ አለ። ሰው የሞተ እንደሆነ ሲመጣ እንዴት እንደነበር፣ ምን እንደተደረገለት፣ ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው አይቶ በመዝገብ ይፈርም አለ። በየዓመቱ ለመስቀል አገሬ እገባለሁ አለ። ያፈረሰ ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን እርሻ፣ መቀጫው እኩል ይሁን አለ።

ሰውየው ወረቀቱን አየው፤ ከጽሕፈት መኪናው የልጄ እጅ ይበዛበታል። «ይኸን እኔ ልወስን አልችልም። አለቆቼን እጠይቃለሁ» ብሎ ሳይፈረምለት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ንግሥት ነበርሁ። እየዘፈንሁ ጥጥ ፈተልሁ። ልጄ ጎንደር ወይም ደብረ ታቦር ሥራ ያገኛል፤ በአውቶቡስ ጠዋት ሄጄ ቀትር ላይ አየዋለሁ እያልሁ አሰላሁ። እንዲያውም ለአባ፣ «ውሉን እኮ ያፈረስሁት እኔ ነኝ» ብዬ እንደ ኃጢአት ተናዘዝሁ። አባም «ቂም ከሌለበት ኃጢአት አይደለም» አሉኝ፤ ቀጥለው ግን «ደግሞ ገና አልፈረሰም» አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ላንድሮቨሯ ተመለሰች። ሰውየው ዛሬ ከረባት የለውም። ገና ሳይወርድ በመስኮቱ ወረቀት አውለበለበ።

«ሁሉንም እሺ ብለዋል!» አለ። «አንዲት ሳትቀር!»

ልጄ ዘለለ። ባለቤቴ ሽማግሌዎቹን ጠራ። እረኛችን እንደ ድል አድራጊ ዱላውን መሬት ተከለ። ሁሉም ወደ እኔ እያዩ «እሰይ፣ የዚህች ሴት ሥራ ነው» አሉ። ላፈርሰው የተነሳሁትን ውል በገዛ እጄ አጥብቄ ሰፍቼዋለሁ። አምስት ዓመትና ያለ ምትክ ሆኖ ቢቀር ኖሮ «አይሆንም» ማለት እችል ነበር። አሁን ምን ብዬ?

ልጄን ወደ ጓሮ ወሰድሁት፤ ያቺው ጥጃ ዘንድ።

«ባትፈርምስ?» አልሁት።

«እምዬ፣ እዚያ ያለው ሰው ያለ ሐኪም ነው ያለ።»

«እኔስ ያለ ልጅ?»

ትከሻዬን ያዘኝ። «አብረውኝ የጨረሱት ሁሉ ያነበቡትም ያላነበቡትም ፈርመዋል። እንዲህ ያለ ውል ግን ከመካከላችን ለማንም አልተጻፈም። አንቺ የሠራሽውን ውል ሳልፈርም ብቀር፣ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?»

በራሴ ወጥመድ እንዲህ አርጎ ያዘኝ። ተመለስንና ፈረመ። ሦስት ምስክር ያስፈልግ ነበር፤ ባለቤቴ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ፤ አባ በሚያምር እጃቸው ጻፉ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ አልሁ። ሰውየው አልተቃወመም፤ ከእኔ ጋር መከራከር ምን እንደሚያስከትል አይቷል። ብዕሩን ያዝሁና ስሜን ጻፍሁ፤ እያንዳንዷን ፊደል እያዜምሁ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ። በመካከሉ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

ልጄ ሁለት ዓመቱን ጨርሶ በደኅና ተመልሷል። ይኸን አስቀድሜ የምናገረው እኔ ያኔ የፈራሁትን ፍርሃት ሌላ ሰው እንዳይፈራው ብዬ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ፍርሃት ነበር።

እርሱ በሄደ በሳምንቱ፣ ውሃው ጨርሶ ሲሸሽ፣ የእረኛችን ውል የሚታደስበት ቀን ደረሰ። እረኛችን ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለሐኪሙ የተጻፈው ለእኔም ይጻፍልኝ» አለ።

«ምኑ?» አለ ባለቤቴ።

«ምትኩ። ስታመም ሰው ይተካልኝ። አጎበሩም።»

«ላም ስትጠብቅ አጎበር ለብሰህ ልትሄድ ነው?»

«ማታ የሚነክሰኝ እኮ ላሟ አይደለችም።»

ሽማግሌዎቹ ፈረዱለት። ምትኩ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ባለቤቴን አዩ፤ ባለሽምብራው ጎረቤታችን ብቻ «እርሱ ከሆነስ ለእኔም ሽምብራ ዋስ ይጠራ» አለ። ባለቤቴ ያን ማታ ራት ላይ «ልጅሽን አድናለሁ ብለሽ እኔን እረኛ አደረግሽኝ» እያለ አጉረመረመ። አጎበሩን ግን ራሱ ከባሕር ዳር ገዝቶ አመጣለት።

ሁለት ወር ቆይቶ የልጄ ደብዳቤ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጣ። እንደ ልማዴ ከሾላው ስር ተቀምጬ ድምፄን አውጥቼ ጀመርሁ። ባለቤቴ መጣ፤ እረኛችንም ከብቱን እያየ ቀረብ ብሎ ቆመ። ሰላምታው አለ፤ ድሬሰሩ ጎበዝ ነው ይላል፤ መስኮቱ ወንፊት ሆኗል ይላል። ከዚያ እንዲህ ይላል፤

«እምዬ፣ ትናንት አንድ ሰው ሞተብኝ። በእጄ ሲሞት የመጀመሪያው ነው። ዕድሜው እንደ አባቴ ነው። ሲያመጡት አምስት ቀን ታሞ ነበር፤ ድሬሰሩና ሌላ ሰው አይተው ፈርመዋል። የማውቀውን ሁሉ አድርጌለታለሁ። በመዝገቡ ጽፌዋለሁ። ግን መዝገቡ አይመልስልኝም። ለማን እንደምነግር ስላላወቅሁ ለአንቺ ጻፍሁ።»

አንድ በአንድ ፊደል ስለማነብ እያንዳንዷ ፊደል ብቻዋን ወጋችኝ። ስጨርስ ወረቀቱን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁት። ከዚያ እረኛችን ራሱን ዝቅ አደረገና፣

«ቆዳውን አመጣ» አለ።

መልሱን ለመጻፍ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። አባ እኔ ልጻፍልሽ አሉኝ፤ እምቢ አልሁ። ለሟቹ ነፍስ ይማር ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ወረድ ብዬ ለልጄ «እግዜር ይተካ» ብዬ ጻፍሁ። ለሰው እንደማይባል አውቃለሁ፤ ግን እርሱ ከብት ያለበት ቤት ነው ያደገ፣ ይቺ ቃል የምታደርገውን ያውቃል። ወረቀቱ ሊያልቅ ሁለት ጣት ሲቀረው ዋናው ነገር ትዝ አለኝ። ቦታ ቢያጥረኝ ወረቀቱን አዙሬ በጠርዙ ላይ፣ ዙሪያውን፣ «አጎበሩን ዘርግተህ ተኛ» ብዬ ጻፍሁ፤ ዞሬ ዞሬ የጀመርሁበት ላይ ስደርስም ገና ትንሽ ባዶ ነበረና አንድ ጊዜ ደግሜ «አጎበሩን» አልሁ።